ሲያጌጡ እንዳይመላለጡ፦ የቅርጻ ቅርጽ ስካን ሲታረም የመሮ ጭረት ለምን መትረፍ አለበት?

እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938 በለንደን የሚገኘው የብሪቲሽ ሙዚየም የፓርቴኖንን ቅርጻ ቅርጾች ለአዲስ አዳራሽ ሲያዘጋጅ፣ በጽዳቱ የተሰማሩት ሠራተኞች እብነ በረዱ ይበልጥ ነጥቶ እንዲታይ ገጹን በመዳብ መሣሪያ ፋቁት። ነገሩ ሲታወቅ ብርቱ ውዝግብ አስነሣ፤ ሙዚየሙም ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ ጉዳዩን የሚመረምር ጉባኤ ጠራ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1843 በፍሎረንስ የማይክል አንጄሎ «ዳዊት» በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታጥቦ ገጹ ተጎድቷል። በሁለቱም ሥራዎች ክፉ ሐሳብ አልነበረም። የተፈለገው ሐውልቱ ጸድቶና አምሮ እንዲታይ ብቻ ነበር። አበው «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ይኸው ጥፋት ዛሬ በድንጋይ ላይ ሳይሆን በፋይል ላይ ይፈጸማል። ተመራማሪው አንድን ሐውልት በሌዘር ወይም በፎቶግራሜትሪ ይመዘግባል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች ይሰበስባል፤ ከዚያም ሻካራው ገጽ ዓይኑን ስለሚጎረብጠው የማለስለሻውን ትእዛዝ ይጫናል። ምስሉ ወዲያው ያምራል። ከጫጫታው ጋር አብሮ የሄደው ግን የጠራቢው እጅ ምስክርነት ነው። የመዳቡ መሣሪያ በእብነ በረዱ ላይ የተወው ጉዳት ቢያንስ በዓይን ይታይ ነበር። የማለስለሻው ጉዳት ግን ንጽሕና መስሎ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥረውም።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። ጥቅጥቅ ያለ የቅርጻ ቅርጽ ስካን የምርምር ሰነድ እንጂ ማስዋቢያ ምስል አይደለም፤ ስለዚህ በሰነዱ ላይ የሚደረግ ማናቸውም እርማት በቦታ የተወሰነ፣ በልክ የተገለጸና ሊቀለበስ የሚችል መሆን አለበት። ይህን የማያሟላ እርማት፣ ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ በጥናት ጽሑፍ ውስጥ እንደ ማስረጃ ሊቀርብ አይገባም።

ገጹ የሚናገረው

የሐውልት ሁለንተናዊ ቅርጽ ምን እንደተሠራ ይነግረናል። እንዴት እንደተሠራ የሚነግረን ግን ገጹ ነው። ማይክል አንጄሎ በ1506 ጀምሮት ሳይጨርሰው የቀረው «ቅዱስ ማቴዎስ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በፍሎረንስ አካዴሚያ ቤተ ሥዕል ቆሞ ለሚያየው ሰው ሐውልቱ ከድንጋዩ ውስጥ ገና በመውጣት ላይ ያለ ይመስላል። በሹል መሮ የተፈለጡ ጥልቅ ቦዮችና በጥርሳም መሮ የተሰመሩ ጎን ለጎን የሄዱ ጭረቶች በግልጽ ይታዩበታል። የጭረቶቹ አቅጣጫ፣ ጥልቀትና መደራረብ ቀራጺው ከየት እንደ ጀመረ፣ የትኛውን ክፍል ቀድሞ እንደ ጠረበ፣ የት ላይ መሣሪያ እንደ ቀየረ ያመለክታሉ።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች በማርክ ሌቮይ መሪነት በ1998 እና 1999 ወደ ጣልያን ሄደው የማይክል አንጄሎን ሥራዎች በሌዘር ሲመዘግቡ ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። ሠላሳ ያህል መምህራን፣ ሠራተኞችና ተማሪዎች የተሳተፉበት ይህ ሥራ የነጥቦቹን ርቀት ወደ ሩብ ሚሊሜትር አካባቢ ያወረደው የመሮውን ጭረት ለመያዝ ሲባል ነው። መሣሪያቸው በ0.29 ሚሊሜትር ርቀት ነጥብ ይወስድ ነበር፤ የጥልቀት ልኩም 50 ማይክሮን ነበር። «ዳዊት» ብቻውን ሁለት ቢሊዮን ፖሊጎንና 7,000 የቀለም ምስሎች አስገኘ። ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝምን ሐውልት በሩብ ሚሊሜትር መመዝገብ ማለት አንድን ነገር ከ20,000 ጊዜ በላይ በሚያንስ ስንዝር መለካት ነው። ይህ ሁሉ ድካም ለጭረቱ ሲባል ከተደረገ በኋላ ጭረቱን በአንድ ትእዛዝ መደምሰስ ምን ትርጉም አለው?

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጢያ የቆሙት ትክል ድንጋዮች የሰይፍና ሌሎች ምልክቶች ተቀርጾባቸው ለብዙ መቶ ዓመታት በሜዳ ላይ ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቆባቸዋል። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎች የጠራቢዎቹን የመሣሪያ ዱካ እስከ ዛሬ ይዘዋል፤ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክትም በሌዘር መዝግቧቸዋል። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተቆራርጦ ወደ ሮም ተወሰደ፣ በ2005 ተመለሰ፣ በ2008 ዳግም ቆመ፤ በገጹም የዚህን ሁሉ ጉዞ ታሪክ ተሸክሟል። እነዚህ ድንጋዮች በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይሸረፋሉ። ዛሬ የምንወስደው ስካን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ብቸኛው ምስክር ሊሆን ይችላል። ምስክሩን አስቀድመን ካለሰለስነው ለመጪው ተመራማሪ የምናወርሰው ዝምታን ነው።

ማለስለስ ምን ያደርጋል? አንድ ቀላል ስሌት

ብዙዎቻችን «ትንሽ ብቻ አለሰለስሁት» እንላለን። ትንሽ የሚለው ቃል ግን ልክ የለውም። ስለዚህ ልክ እንስጠው። በብዛት የሚሠራበት የላፕላስ ማለስለሻ እያንዳንዱን ነጥብ ከጎረቤቶቹ አማካይ ወደሚገኝበት ቦታ ያስጠጋዋል። ነጥቡ በእያንዳንዱ ዙር የርቀቱን ግማሽ እንዲጠጋ አድርገን፣ ለቀላልነት አንድ መስመር የገጽ ቁራጭ ብቻ እንውሰድ፤ ነጥቦቹም በ0.25 ሚሊሜትር ርቀት የተቀመጡ ይሁኑ።

በዚህ መስመር ላይ በየሁለት ሚሊሜትሩ የሚደጋገም የጥርሳም መሮ ጭረት ቢኖር፣ አንድ ሞገድ በስምንት ነጥቦች ይወከላል። አንድ ዙር ማለስለስ ከጭረቱ ጥልቀት 15 በመቶ ያህል ይወስዳል። ከሦስት ዙር በኋላ 38 በመቶው ይጠፋል፤ ከአሥር ዙር በኋላ የሚቀረው 20 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በተቃራኒው በ40 ሚሊሜትር የሚደጋገም ሰፊ ቅርጽ፣ ለምሳሌ የልብስ እጥፋት፣ በእነዚያው አሥር ዙሮች የሚያጣው ከግማሽ በመቶ በታች ነው።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪው የሚያየው እጥፋቱን ነው፤ እጥፋቱ ሳይነካ ስለ ቀረ «ቅርጹ አልተለወጠም» ብሎ በቅንነት ይጽፋል። ከጭረቱ አራት አምስተኛው ግን ሄዷል። ስሌቱ ሌላም ነገር ያስተምራል። ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተገለባበጠ የሚሄደው እጅግ ደቃቅ ጫጫታ በመጀመሪያው ዙር ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ በአራት ነጥብ የሚደጋገመውም በሦስት ዙር ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች በኋላ የምንጨምረው እያንዳንዱ ዙር የሚበላው በአብዛኛው የጠራቢውን ሥራ ነው።

በ1995 ታውቢን ያቀረበው የማለስለስ ዘዴ ቅርጹ እንዳይኮማተር ያደርጋል፤ ይህም ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም መኮማተርን መከላከልና ጭረትን ማዳን አንድ አይደሉም። በ2003 የቀረቡት ሁለትዮሽ ማጣሪያዎች ደግሞ ሹል ጠርዞችን ይጠብቃሉ፤ የሚጠብቁት ግን ከተወሰነ ከፍታ በላይ የሆነውን ነው። በዝናብ የተበላ ጭረት ጥልቀቱ ጥቂት በመሆኑ ከዚያ ወሰን በታች ይወድቃል። ማጣሪያው እንግዲህ ማንም የማይጠራጠረውን ጥልቅ ቦይ ይጠብቅና፣ አለ ወይስ የለም እያልን የምንከራከርበትን ለስላሳ ዱካ ይደመስሳል። ለጥናት የሚያስፈልገን የተገላቢጦሹ ነበር።

ጫጫታውን ከጭረቱ እንዴት እንለይ?

«ታዲያ ጫጫታውን እንዳለ እንተወው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስካን ድንጋዩ ራሱ አይደለም። በተለይ በእብነ በረድ ላይ የሌዘሩ ብርሃን ወደ ውስጥ ዘልቆ ስለሚበተን የሚለካው ጥልቀት ይዛባል፤ ገጹም በእውነቱ ካለው ይልቅ ሻካራ ሆኖ ይመዘገባል። ይህን ጫጫታ እንደ ቅዱስ ነገር መጠበቅ አያስፈልግም።

ችግሩ ጫጫታውና ጭረቱ ብዙ ጊዜ በስፋትም በጥልቀትም የሚቀራረቡ መሆናቸው ነው። የመጨረሻውን መረብ ብቻ የሚያይ ማጣሪያ፣ ቀመሩ ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ ሁለቱን ለመለየት የሚያስችል መረጃ በእጁ የለም። መረጃው ያለው በጥሬ ስካኖቹ ውስጥ ነው። ድንጋዩ ላይ ያለ ጭረት ስካኑ ሲደገም ይደገማል፤ የዘፈቀደ ጫጫታ ግን አይደገምም። አንድን ገጽ ዘጠኝ ጊዜ መዝግቦ ማማከል የዘፈቀደውን ጫጫታ ወደ ሲሶ ያወርደዋል፤ ጭረቱን ግን ባለበት ይተወዋል።

ለዚህ ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አሉ። አንደኛ፣ መሣሪያው ራሱ የሚፈጥራቸው ሥርዓታዊ ስሕተቶች ከአንድ ቦታ ሲደገሙ አብረው ስለሚደገሙ፣ ስካነሩ በተለያየ ማዕዘን መቆም አለበት። ሁለተኛ፣ የስካኖቹ መገጣጠም ስሕተት ከጭረቱ ስፋት በእጅጉ ማነስ አለበት፤ አለዚያ ማማከሉ ራሱ ማለስለስ ይሆናል። እንግዲህ ጫጫታን ለመቀነስ ትክክለኛው ጊዜ ሜዳ ላይ ስካነሩን ይዘን ስንቆም ነው። ቢሮ ገብተን በማጣሪያ የምናደርገው ሁሉ ለዚያ ድካም ደካማ ምትክ ነው።

እርማቱ ሲያስፈልግ

እርማት ፈጽሞ አይደረግ ማለት አይደለም። ሁለት ስካኖች ሲገጣጠሙ እርከን ይፈጠራል፤ ከገጹ የተነጠሉ ሹል ነጥቦች ይበቅላሉ፤ መሣሪያው ያልደረሰበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ጥያቄው እንዴት ይታረሙ ነው።

ሰፊ ቅርጽን የሚመለከት እርማት፣ ለምሳሌ እርከንን ማስተካከል፣ ገጹን በሁለት ንብር ከፍሎ መሥራትን ይጠይቃል። መጀመሪያ መረቡ ተለስልሶ መሠረታዊ ቅርጹ ለብቻው ይወጣል። ቀጥሎ በዋናውና በተለሰለሰው መካከል ያለው ልዩነት በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ፣ ከመሠረታዊው ገጽ አቅጣጫ አንጻር ተለክቶ ይቀመጣል። እርማቱ በመሠረታዊው ቅርጽ ላይ ብቻ ይከናወናል፤ በመጨረሻም የተቀመጠው ረቂቅ ንብር ይመለስበታል። ይህ ሐሳብ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በኮምፒውተር ግራፊክስ ዘርፍ የታወቀ ነው። እዚህ ላይ ማለስለስ ድምሰሳ መሆኑ ቀርቶ መለያ መሣሪያ ይሆናል፤ የወሰደውን ሁሉ አስቀምጦ ይመልሳልና።

በቦታ የተወሰነ ጉድለት ሲሆን ደግሞ ወሰኑ በእጅ ተከልሎ፣ ማለስለሱ በክልሉ ውስጥ ብቻ፣ ወደ ዳር እየሳሳ መከናወን አለበት። ለሦስት ሹል ነጥቦች ሲባል ሙሉውን ሐውልት ማለስለስ ለአንድ ጥርስ ሕመም መንጋጋውን እንደ መንቀል ነው።

ባዶ ቦታን መሙላት የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በአካባቢው ያለውን ገጽ ቀድቶ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ዓይንም ይደሰትበታል። ነገር ግን እንዲህ ሲደረግ ማንም ያልጠረበው የመሮ ጭረት ይፈጠራል። ከሌሎች ቅርጻ ቅርጾች ተምረው ዝርዝር የሚጨምሩ የማሽን ትምህርት ዘዴዎችም በዚህ ረገድ ከቀድቶ መለጠፍ አይለዩም፤ የሚጨምሩት የሚመስለውን እንጂ የነበረውን አይደለም። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ እንዲቆም፣ የተተኩ ክፍሎችም ከጠቅላላው ጋር ተስማምተው ሳለ ከዋናው እንዲለዩ ይጠይቃል። ይህን መርህ ለፋይል የማንሠራበት ምክንያት የለም። ባዶው በለስላሳ ገጽ ይሞላ፤ እያንዳንዱ የተሞላ ነጥብም «የተሞላ» የሚል መለያ ይያዝ። ከርለስና ሌቮይ በ1996 ያቀረቡት የስካን ማዋሐጃ ዘዴ የታየውን ገጽ፣ ባዶ መሆኑ የተረጋገጠውን ቦታና ጨርሶ ያልታየውን ለይቶ ይይዝ ነበር። ልዩነቱ እንግዲህ ከመነሻው ሊታወቅ ይችላል። የሚጠፋው እኛ ወደ መጨረሻው ፋይል ስናሸጋግረው ነው።

ማለስለሻ ያልተባሉ ማለስለሻዎች

ከትእዛዙ ስም የተነሣ ማለስለስ መሆናቸውን የማናስተውላቸው እርምጃዎችም አሉ። ሦስቱን ብቻ ላንሣ።

የመጀመሪያው ከነጥብ ወደ መረብ የሚደረገው ግንባታ ነው። በሰፊው የሚሠራበት የፖይሰን ዘዴ ቦታውን ደጋግሞ ለሁለት እየከፈለ ይሄዳል፤ የክፍፍሉን ብዛት የሚወስነው ቁጥር በሜሽላብ ሶፍትዌር ውስጥ አስቀድሞ 8 ሆኖ ተቀምጧል። ሦስት ሜትር ለሚረዝም ትክል ድንጋይ ይህ ቁጥር እስከ 12 ሚሊሜትር የሚደርስ ክፋይ ይሰጣል። ቁጥሩ 10 ቢሆን እንኳ ክፋዩ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ነው። የመሮው ጭረት ወደ ውጤቱ እንዲገባ ቁጥሩ ወደ 13 ከፍ ማለት አለበት፤ ያኔ ክፋዩ ከ0.4 ሚሊሜትር በታች ይሆናል። ተማሪው ምንም ሳያለሰልስ፣ የተሰጠውን ቁጥር በመቀበሉ ብቻ፣ ጭረቱን ሁሉ ያጣል።

ሁለተኛው ቅነሳ ነው። በ0.25 ሚሊሜትር የተመዘገበ አንድ ካሬ ሜትር ጠፍጣፋ ገጽ 16 ሚሊዮን ነጥቦችና 32 ሚሊዮን ያህል ሦስት ማዕዘኖች ይይዛል። ይህ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ነው፤ ኮምፒውተራችን ቢያቃስት አያስገርምም። ወደ አንድ ሚሊዮን ሦስት ማዕዘን ስንቀንሰው ግን የነጥቦቹ አማካይ ርቀት 1.4 ሚሊሜትር ይሆናል። በየሁለት ሚሊሜትሩ የሚደጋገም ጭረት በየሞገዱ ቢያንስ ሁለት ነጥብ ስለሚሻ ከዚያ በኋላ ሊወከል አይችልም።

ሦስተኛው ብዙም የማይጠረጠር ነው። አንዳንድ ሶፍትዌሮች የነጥቦችን መገኛ በ32 ቢት ቁጥር ያስቀምጣሉ። ስካኑ በአገር አቀፍ የካርታ መጋጠሚያ ከተያዘ፣ በአክሱም የሚገኝ ነጥብ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ከ1,500,000 ሜትር በላይ ይርቃል። በዚህ መጠን 32 ቢት ሊለየው የሚችለው ትንሹ ርቀት 12.5 ሴንቲሜትር ነው። ሩብ ሚሊሜትር ለመለካት የተደከመበት ሥራ በአንድ «አስቀምጥ» ትእዛዝ ወደ ክንድ ስፋት ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መነሻ ነጥቡን ወደ ሐውልቱ እግር አምጥቶ፣ የተቀነሰውን ቁጥር ለብቻው መዝግቦ መያዝ።

«ትክክለኛነት 0.04 ሚሊሜትር»

በጥናት ጽሑፎች ውስጥ እርማቱ ጉዳት አለማድረሱን ለማሳየት በዋናውና በታረመው መካከል ያለው አማካይ ርቀት ይጠቀሳል። ይህ ቁጥር ብቻውን አሳሳች ነው። ከላይኛው ስሌት ጋር እናያይዘው። ከጫፍ እስከ ታች 0.4 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ጭረት አራት አምስተኛውን ቢያጣ፣ በጭረቱ ላይ ያለው የካሬ አማካይ ልዩነት 0.11 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጭረት ያለበት ክፍል ከሐውልቱ ገጽ አንድ አሥረኛው ብቻ ከሆነና ሌላው ካልተለወጠ፣ ለሙሉው ሐውልት የሚወጣው ቁጥር ከ0.04 ሚሊሜትር በታች ይሆናል። አንባቢው ይህን ሲያይ ሥራው እጅግ ትክክለኛ ነው ይላል። የጠራቢው እጅ ግን ከፋይሉ ወጥቷል።

ስለዚህ ከአንድ ቁጥር ይልቅ የልዩነት ካርታ ይቅረብ። የጠፋው ነገር የተበታተነ ጫጫታ ከሆነ ካርታው ሥርዓት አልባ ሆኖ ይታያል። በካርታው ላይ ጎን ለጎን የሄዱ መስመሮች ከታዩ ግን የወሰድነው የመሮ ጭረት ነው። ከዚህ የበለጠ ቀላልና ታማኝ ፈተና አላውቅም፤ በየትኛውም ነጻ ሶፍትዌር በጥቂት ደቂቃ ይሠራል።

እኔም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለሁም። በተማሪነቴ ዘመን አንድ የተቀረጸ የመቃብር ድንጋይ መዝግቤ፣ ምስሉ ለጉባኤ እንዲያምር ደጋግሜ አለሰለስሁት፤ ቦታ ለማስለቀቅም ጥሬ ስካኖቹን አጠፋሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ያሉት ምልክቶች በአንድ መሣሪያ ወይስ በሁለት የተሠሩ እንደሆኑ ጠየቀኝ። ፋይሉን ከፍቼ በአራቱም አቅጣጫ አየሁት፤ መልስ የሚሆን ነገር አልነበረበትም። ወደ ቦታው ስንመለስ የጠርዙ ገጽ በከፊል ተላጦ ወድቋል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። በዚያን ቀን የተረዳሁት ነገር ከየትኛውም ኮርስ የበለጠ አስተምሮኛል፦ ለጉባኤው ያማረው ምስል የከፈለው ዋጋ አንድ መልስ የሌለው ጥያቄ ነበር።

ለተቃራኒው ሐሳብ

ይህን አቋም የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሧቸው ነጥቦች ክብደት አላቸው። ለሙዚየም ጎብኚ፣ ለትምህርት ቤት ተማሪ ወይም በሦስት ልኬት አታሚ ለሚወጣ ቅጂ ሩብ ሚሊሜትር ጭረት ላያስፈልግ ይችላል። ሻካራና ባዶ ቦታ የሞላበት ምስል የቅርሱን ክብር የሚቀንስ ይመስላል። ከባድ ፋይልም በብዙ ተቋሞቻችን ባሉ ኮምፒውተሮች አይከፈትም።

በዚህ ሁሉ እስማማለሁ። መልሱ ግን ሰነዱን ማለስለስ አይደለም፤ ሁለት ቅጂ መያዝ ነው። አንዱ ጥሬውን ስካንና በጥንቃቄ የታረመውን መረብ የያዘ የመዝገብ ቅጂ ይሁን። ሌላው ከእርሱ የሚወጣ የማሳያ ቅጂ ይሁን፤ ይህኛው ሊቀነስና ሊለሰልስ፣ የጭረቱም ገጽታ በብርሃን አቅጣጫ ምስል ሊተካ ይችላል። የጣልያን የሥዕል አዳሾች ከቼዛሬ ብራንዲ ዘመን ጀምረው የጎደለውን የሥዕል ክፍል በቀጫጭን ቀጥ ያሉ መስመሮች ይሞላሉ፤ ከሩቅ ሲታይ ሥዕሉ ሙሉ ይመስላል፣ ቀርቦ ለሚመረምር ግን የተጨመረው ወዲያው ይለያል። የማሳያ ቅጂም እንዲሁ ለዓይን ሙሉ፣ ለተመራማሪ ደግሞ ግልጽ ሊሆን ይችላል። ጥፋት የሚሆነው የማሳያው ቅጂ የመዝገቡን ስም ይዞ በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ ነው።

ምን ይደረግ?

ለድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞቻችን፣ ለአማካሪዎችና ለፈታኞች አራት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በስካን ላይ የተመሠረተ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ጥሬ ስካኖቹን ከታረመው መረብ ጋር አብሮ ያስረክብ። ሁለተኛ፣ በዘዴው ምዕራፍ ውስጥ የነጥብ ርቀቱ፣ የግንባታው ቁጥር፣ የማለስለሻው ዓይነትና የዙር ብዛት፣ ከቅነሳ በኋላ የቀረው የነጥብ ርቀትም በግልጽ ይጻፍ። «በሶፍትዌር ተስተካክሏል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ዘዴ አይደለም። ሦስተኛ፣ የልዩነት ካርታውና የተሞሉ ቦታዎች ካርታ እንደ ሥዕል ይቅረቡ። አራተኛ፣ ፈታኙ ስለ መሣሪያ ዱካ የተሰጠ ማንኛውም ድምዳሜ ከየትኛው ቅጂ እንደ ተወሰደ ይጠይቅ። በ2006 የወጣው የለንደን ቻርተር በኮምፒውተር የሚሠሩ የቅርስ ምስሎች ውሳኔዎቻቸውን እንዲመዘግቡ አሳስቧል፤ እኔ የምጠይቀው ያንኑ በየቀኑ ሥራችን እንድንፈጽመው ነው።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ወጪ አንድ ተጨማሪ ሃርድ ዲስክና ጥቂት ገጾች ነው። በሌላው የሚዛን ወገን ያለው ግን ስሙን የማናውቀው የአንድ ጠራቢ እጅ ነው። የጢያን ሰይፎች የቀረጸው ሰው አንድም የጽሑፍ ቃል አልተወልንም፤ የተወልን የመሣሪያውን ዱካ ብቻ ነው። ዝናቡ በድንጋዩ ላይ ያለውን ዱካ ቀስ እያለ ይወስደዋል፤ ዝናቡን ማቆም ላይቻለን ይችላል። በፋይሉ ላይ ያለውን ግን የምንወስደው እኛ ራሳችን ነን፤ ስለዚህ መተዉም በእጃችን ነው።